የስኳር ህመም ያለበት ሰው በኦክስጅን እየታገዘ ስፖርት እንዴት ይሥራ?

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራ። ኦክስጅን የስኳር ህመምን አያክምም። ሳንባው ጤነኛ የሆነ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ ነው። «ስኳር ያወርዳል» ተብሎ ኦክስጅን ቢሸጥልዎ ትርፉ ለሻጩ ነው። ስኳሩን የሚያወርደው እንቅስቃሴው ራሱ ነው፤ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ቢሆን ከደም ስኳር ይስባል። ይህ ጽሑፍ ስኳር ኖሮበት፣ በሳንባ ወይም በልብ ችግር የተነሳ ሐኪም ኦክስጅን ላዘዘለት ሰው ነው።

መጀመሪያ ሐኪምዎን ሁለት ቁጥር ይጠይቁ። ስፖርት ስሠራ በደቂቃ ስንት ሊትር ልጠቀም? ኦክስጅኔ ስንት ሲደርስ ላቁም? ለእረፍትና ለእንቅስቃሴ የሚታዘዘው መጠን ሊለያይ ይችላል። የማቆሚያው ቁጥር ብዙ ጊዜ 88 ወይም 90 በመቶ አካባቢ ነው። በራስዎ አይጨምሩ፤ አንዳንድ የሳንባ ህመምተኞች ኦክስጅን ሲበዛባቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደማቸው ውስጥ ይጠራቀማል።

ከመጀመርዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነና የስኳሩ ቁጥር ከ90 mg/dL (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ፣ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ይውሰዱ። ከ250 በላይ ከሆነ ደግሞ ኪቶን (ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) ይመርመሩ፤ ካለ ስፖርቱ ለሌላ ቀን ይቆይ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አንዳንድ የስኳር መለኪያ ስትሪፖች የሚሠሩት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን ሲበዛ እነዚህ ስኳሩን ከእውነቱ ዝቅ አድርገው ሊያሳዩ ይችላሉ። የስትሪፑን መመሪያ ያንብቡ፤ ካልገባዎት ፋርማሲስት ይጠይቁ። ጣት ላይ የሚደረገውም የኦክስጅን መለኪያ የራሱ አመል አለው። ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም የጥፍር ቀለም ሲኖር ይሳሳታል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንዴ ከፍ አድርጎ ያነባል።

ቀጥሎ ዕቃውን ያዘጋጁ። ሲሊንደሩ ውስጥ 400 ሊትር ቢቀርና በደቂቃ 2 ሊትር ያለማቋረጥ ቢለቅ 200 ደቂቃ ይቆያል፤ የመመለሻውንም ያስቡ። ቱቦው እግርዎ ሥር አይዘርጋ፣ በተለይ እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ። አፍንጫዎ ቢደርቅ ቫዝሊን አይቀቡ፤ ከኦክስጅን ጋር ሊቀጣጠል ይችላል። ሲጋራና እሳት በአጠገቡ ድርሽ አይበሉ።

አሁን ይጀምሩ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ከዚያ ትንሽ ፍጠኑ። በአፍንጫ አየር ይሳቡ፣ እንደሚያፏጭ ሰው ከንፈርዎን ሰብስበው በቀስታ ይልቀቁ። አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት በዝቷል ማለት ነው።

መሃል ላይ ላብ ቢያጠምቅዎት፣ እጅዎ ቢንቀጠቀጥ፣ ልብዎ ድው ድው ቢልስ? ስኳር ወርዶ ነው ወይስ ኦክስጅን? በስሜት ብቻ መለየት ይከብዳል። ቱቦው አፍንጫ ላይ ስላለ እጅ ቶሎ ወደ ኦክስጅኑ ማስተካከያ ይሄዳል። ኦክስጅን ግን የወረደ ስኳር አያነሳም። ቁጭ ይበሉ፣ ቱቦውን ሳያወልቁ ሁለቱንም ይለኩ። ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ፈጣን ስኳር፣ ለምሳሌ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። መለኪያ ከሌለዎት ስኳር ወርዷል ብለው ያስቡና ፈጣን ስኳሩን ይውሰዱ። ቤታ ብሎከር የሚባሉትን የልብ ወይም የግፊት መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች መንቀጥቀጡ ላይሰማቸው ይችላል፤ ላቡ ግን ብዙ ጊዜ አይቀርም።

ደረትዎን ከጨመቀዎት ወይም አርፈውም ትንፋሹ አልመለስ ካለ ድንገተኛ ሕክምና ይጥሩ። የስኳር ታማሚ ላይ ድንገተኛ የልብ ጥቃት (heart attack) ያለ ደረት ህመም፣ በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ሲጨርሱ ኦክስጅኑን ወዲያው አይንቀሉ፤ ትንፋሽዎ ይረጋጋ። ስኳርዎን ዳግም ይለኩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ከመተኛትዎ በፊትም አንዴ ይለኩ፤ የስፖርቱ ውጤት እስከ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል ስኳሩ ሌሊት ሊወርድ ይችላል።