የጎርጎራ ቄጠማ ለሄርባሪየም (ደርቀው ለጥናት ለሚቀመጡ ተክሎች ስብስብ) እንዴት ይደርቃል?

የመጀመሪያ ናሙናዬ የቡና ጉዝጓዝ ሆኖ ቀረ። ከጎርጎራ ያመጣሁትን ቄጠማ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ ጎንደር ከተማ ወጣ ብዬ ስመለስ እማዬ ጎዝጉዛው ጀበናው ተጥዷል። ምን ላድርግ? ወረቀት አልለጠፍኩበትም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሂዱ። አበባ ወይም ፍሬ ያልያዘ ቄጠማ ለባለሙያም ያው ድርቆሽ ነው፤ ዝርያው በአብዛኛው የሚለየው በጥቃቅን ፍሬዎቹ ነው። ግንዱን በጣታችሁ አሽከርክሩት። ሦስት ማዕዘን ከሆነ የቄጠማ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም እንዲሁ ነው። ክብና አንጓ ያለው ከሆነ ግን ሣር ይሆናል።

ጣና ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግር አትግቡ፤ ቦቲ ጫማና የላስቲክ ጓንት አድርጉ። ተክሉን ከነሥሩ አውጡና ጭቃውን እዚያው እጠቡት። ጥቂት ብቻ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ተዉት።

ማስታወሻ እዚያው ጻፉ፣ ያውም በእርሳስ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል። ቀን፣ ቦታ፣ ከስልክ የሚገኘው ጂፒኤስ፣ የውሃው ጥልቀት፣ የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም። የአበባውን ቀለም አትርሱ፤ ሲደርቅ ይጠፋል።

ቤት ስትገቡ ሳያድር በጋዜጣ መካከል ዘርግታችሁ፣ ካርቶን ደርባችሁ፣ በሁለት ጣውላ መሐል በገመድ ጥብቅ አድርጉ። ሄርባሪየም የሚጠቀምበት ወረቀት 42 በ29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ረጅሙን ተክል አጥፉት። ደንገል ግን ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከአናቱ፣ ከግንዱና ከሥሩ ቁራጭ ወስዳችሁ ሙሉ ቁመቱን ጻፉ። ወፍራም ሥርና የእምቦጭ እብጥ ያለ የቅጠል ዘንግ ለሁለት ይሰንጠቅ፣ አለዚያ ይሻግታል። የተረፈውን እምቦጭ አንገረብ ግድብ አጠገብ እንዳትጥሉት አደራ!

አስቸጋሪዎቹ ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ለስላሳዎቹ ናቸው፤ ከውሃ ሲወጡ እንደ እርጥብ ክር ይጣበቃሉ። ስለዚህ ሳፋ ውሃ ሞልታችሁ ተክሎቹን ክተቱበት፣ ወፍራም ወረቀት ከበታቻቸው አስገቡ። በብሩሽ ቅጠሉን ዘርጉ፣ ወረቀቱን አጋድላችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ከላይ ስስ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል። ከወረቀቱ ለማላቀቅ አትሞክሩ፤ እዚያው ይድረቅ።

ጋዜጣውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጠዋትና ማታ፣ ከዚያ በየቀኑ ቀይሩ። ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያጠፋው ነፋስ የሚገባበት ክፍል ይሻላል። ጉንጫችሁ ላይ ስታደርጉት ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀም።

የደረቀውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር አንድ ሳምንት አቆዩት፤ ነፍሳት ይሞታሉ። ከዚያ በነጭ ወፍራም ወረቀት ላይ በማጣበቂያ ወይም በክር ያዙት፣ ማስታወሻችሁን የያዘውን መግለጫ ከታች በቀኝ ጥግ ለጥፉ። ሁለት ካላችሁ አንዱ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ይሁን። የረገፈ ፍሬ ካለ በትንሽ ፖስታ አድርጋችሁ እዚያው ወረቀት ላይ ለጥፉት።