ካራቫንን በደሴ አቀበት ወደ ግቢ ማውጣት

ደሴ ላይ በጦሳ ተራራ ጎን የተሠሩ ብዙ ቤቶች ከመንገድ ወደ ግቢ የሚያስገባቸው መተላለፊያ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ከመንገድ ሥራ ካምፕ የተገዛ ወይም ኮምቦልቻ በብየዳ የተሠራ ባለ ሁለት ጎማ ካራቫን ለጥበቃ ቤት ወይም ለቢሮ ሲፈለግ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት በመኪና ተጎትቶ ይወጣና ከበሩ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ይቆማል። ክሬን ጠባብ የሰፈር መንገድ ውስጥ ቢገባ እንኳ ኪራዩ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ወጪ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ከሚጎትተው ይልቅ በሚያስቆመው ነገር ላይ ቢያውል ይሻላል፤ ቀስ ብሎ የሚጎትት መሣሪያ በርካሽ ይገኛል፣ ወደ ኋላ ያመለጠ ካራቫን ግን የጎረቤትን አጥር ይዞ ይወርዳል።

በመጀመሪያ አቀበቱ ይለካ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ የላይኛውን ጫፍ መሬት አስነክቶ በውሃ ልክ አግድም ከተያዘ በኋላ ከታችኛው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ርቀት በሜትር ይለካል። ርቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አቀበቱ 20 በመቶ ነው ማለት ነው። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ካራቫን በእንዲህ ያለ አቀበት ላይ ወደ 235 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ወደ ታች ይስባል፤ የአፈር መንገድ በጎማው ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ ሲጨመርበት ለመጎተት 300 ኪሎ ግራም ያህል ያስፈልጋል። ሰዎች ተሰብስበው ሊገፉት ይችሉ ይሆናል፣ ነገር ግን ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሲቆሙ ሸክሙን የሚይዝላቸው የለም።

ካራቫኑ ባዶውን ይውጣ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን የ200 ሊትር በርሜል ብቻውን የሁለት ኩንታል ሸክም ነው። ሊወጣ የማይችል ዕቃ ካለ ከጎማው ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ መጎተቻው ክንድ በኩል ይቀመጥ፤ ሸክሙ ወደ ኋላ ካጋደለ አቀበቱ ላይ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣና የካራቫኑ ኋላ መሬት ይመታል።

ለመጎተት የሚሻለው በእጀታ የሚሠራ የሰንሰለት መጎተቻ ሲሆን ጋራዦች ዘንድ በኪራይ ወይም በውሰት ሊገኝ ይችላል። ከጣሪያ ተሰቅሎ ሞተር የሚያነሣው ተራ ፓራንኮ በአግድም ለመጎተት አይመችም። ባለ እጀታው መጎተቻ በአንድ ጊዜ የሚጎትተው ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም ስለማይበልጥ ካራቫኑን በታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ በሚገባ ሽብልቅ) እያስቆሙ ደጋግሞ ማሰር ግድ ነው፤ አድካሚ ቢሆንም ለካራቫኑ የሚስማማው ፍጥነት ይኸው ነው። የብረት ካቦው ከሚጎትተው ኃይል አምስት እጥፍ የሚችል፣ በዚህ ምሳሌ ቢያንስ 1,500 ኪሎ ግራም የማይበጥሰው ይሁን። የናይለን ገመድ ይለጠጥና ሲበጠስ ስለሚወነጨፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ካቦው የሚታሰርበት ቦታ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል። የበር ዓምድ የተሠራው በሩን ለመሸከም እንጂ በጎን ለመሳብ ስላልሆነ ሊነቀል ይችላል። ሥር የሰደደ ወፍራም ባሕር ዛፍ ከሌለ ወፍራም ግንድ ከሚጎተትበት አቅጣጫ ተሻግሮ አንድ ሜትር ያህል በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር፣ ካቦውም በግንዱ ወገብ ላይ ታስሮ በቀጭን ቦይ ወደ ላይ ይውጣ፣ ከዚያም አፈሩ በደንብ ይጠቅጠቅ።

በሥራው ጊዜ አንድ ሰው እጀታውን ሲይዝ ሁለት ሰዎች በየጎማው ጎን ሆነው ረጅም እንጨት የተመታበትን ታኮ ጎማው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከኋላው ያስጠጋሉ፤ እንጨቱ እጃቸው ጎማ ሥር እንዳይገባ ነው። ከካራቫኑ በታች ማንም አይቁም፣ ልጆችም ግቢ ውስጥ ይቆዩ። በተወጠረው ካቦ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ መጣል ቢበጠስ አወነጫጨፉን ይቀንሳል። መንገዱና መተላለፊያው በሚገናኙበት ስብራት ላይ የካራቫኑ ኋላ እንዳይፈገፈግ ከጎማዎቹ ሥር ጣውላ ይደራረብ።

በመኪና ልጎትት ለሚል ሰው ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን ማስታወስ ይገባል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ በቀላሉ የሳበ መኪና ደሴ ላይ ፍሪሲዮኑን ሊያቃጥል ይችላል። መኪናው ከላይ በሜዳ ላይ በታኮ ተይዞ ቢቆምና ካቦው ቢታሰርበት ግን የተቀበረውን ግንድ ይተካል። ክረምት ሳይገባ፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ ቢሠራ ይመረጣል።

ካራቫኑ ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ፣ እግሮቹ በሰፋፊ ጣውላዎች ላይ ወርደው በውሃ ልክ ይስተካከሉ፤ ካቦው የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ሲርስ ስለሚያብጥና ስለሚለሰልስ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ እግሮቹ መስጠማቸው እንደገና በውሃ ልክ ይታይ።