አነስተኛ ሠርግን ሰው ሳያስቆሙ ማንሳት

ጠዋት በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ፊርማ፣ ቀትር ላይ በሙሽራዋ ቤተሰብ ግቢ ምሳ፣ አመሻሽ ላይ ጭፈራ። የተጠራው ሰው ሃምሳ፣ ቢበዛ ስድሳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሠርግ በፎቶ ሲያነሱ አዳራሽም መድረክም የለም። ግቢው ጠባብ ስለሆነ «እስቲ ወደዚህ እዩ» ብለው አንዱን ሲያስቆሙ ወሬውም፣ ዘፈኑም፣ ሳቁም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ማስቀረት ለሚፈልግ ሰው ትልቁ ሥራ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ያለው ነው፦ ማን ማን እንደሆነ፣ ምን መቼ እንደሚደረግ፣ ሲደረግም የት ሆኖ መጠበቅ እንዳለበት ማወቅ።

ከሠርጉ ሳምንት ቀደም ብለው ከሙሽሮቹ ጋር ይቀመጡና የሰዎቹን ዝርዝር ይጻፉ። እናትና አባትን ማንም ያሳይዎታል። የሚያመልጡት ሌሎቹ ናቸው፦ ሙሽራዋን ያሳደገች አክስት፣ ለሽምግልና የተላኩት አባቶች፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጡት አያት። ግቢውን ምሳው በሚበላበት ሰዓት ሄደው ይዩት። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከልና ሸራው ምን ቀለም እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ በዕለቱ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ሁለት ካሜራ ካለ በአንዱ 35፣ በሌላው 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል፤ 35ቱ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ 85ቱ ያቀርባል። ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ላለ ካሜራ 24 እና 50 ይተካቸዋል። ካሜራው አንድ ብቻ ከሆነ 35ቱ ይግጠምበት፤ በጠባብ ሳሎን ውስጥ 85 ይዞ ወደ ኋላ መሸሻ ቦታ የለም። ትልቁን 70-200 ዙም ሌንስ ይተዉት፤ ሰው ግዙፍ ሌንስ ሲያይ ነጠላውን ማስተካከልና ፊቱን ማሳመር ይጀምራል። የሁለቱን ካሜራ ሰዓት እስከ ሰከንድ ድረስ አንድ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ሲደረድሩ ሙሽራው ሳይገባ ምሳ የተበላ ይመስላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ ፍላሽና ቢያንስ ሦስት የተሞሉ የካሜራ ባትሪዎች ይያዙ። ፋይሉን በሮው (ካሜራው ራሱ ሳያስተካክል ጥሬውን በሚያስቀምጥበት ዓይነት) ያንሱ፤ ምክንያቱ የሐበሻ ቀሚሱ ጋ ስንደርስ ይገለጣል።

ፊርማው አጭር ነው፣ ክፍሉም ጠባብ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለእያንዳንዱ ተጋቢ ሁለት ምስክር ስለሚጠይቅ፣ ከሙሽሮቹና ከክብር መዝገብ ሹሙ ጋር ሰባት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባል። ከኋላ ከቆሙ ጀርባ ብቻ ያገኛሉ። ትክክለኛው ቦታ ከሹሙ ጎን፣ የጠረጴዛው ጥግ ነው፤ ከዚያ የፈራሚውን ፊትም እጁንም በአንድ ፍሬም ማስገባት ይቻላል። እዚያ ለመቆም ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥበቃ ካሜራ በበር ሊያስቀር ስለሚችል ሙሽሮቹ ከአንድ ቀን በፊት ሄደው ይጠይቁ። መታወቂያና የምስክር ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር የሚነበብበትን ፎቶ ለቤተሰቡ ብቻ ያስቀምጡ።

በእንዲህ ያለ ቢሮ ብዙ ጊዜ ፎቶው ላይ ጥቁርና ቢጫ መስመር ይጋደማል። የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ የጣሪያው ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሸተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ ካደረጉ እያንዳንዱ ፎቶ ሙሉ ርግብግቢት ስለሚይዝ መስመሩ ይጠፋል። ድምፅ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሸተር ጸጥታ ባለበት ክፍል ቢያጓጓም ይህን ችግር ያባብሰዋል፤ ድምፅ በሚያሰማው በሜካኒካሉ ያንሱ።

የሙሽራው አገባብ ሁለት ጊዜ አይገኝም። አንድ አንሺ ብቻ ከሆኑ ከሙሽራው መኪና ጋር አይሂዱ፤ ሙሽራዋ ቤት ይጠብቁ፣ ከሚዜዎቹ አንዱም ሲነሱ እንዲደውልልዎ ይንገሩት። የሴቷ ወገን በሩን ይዞ «አናስገባም» ሲል የሁሉም ሰው ስሜት ፊቱ ላይ ነው። ከሚዜዎቹ ኋላ ሆነው ካነሱ የሚገኘው የሱፍ ኮት ጀርባ ነው። ከበሩ ውስጥ፣ ከሙሽራዋ እኅቶች ትከሻ አጠገብ ይቁሙ፤ የሚገፋውም የሚለምነውም ወደ እርስዎ ያያል። ሽቶ የሚረጭ ሚዜ ካለ ብርሃኑ ከኋላው እንዲመጣ አድርገው በ1/1000 ይያዙት፤ ከፊት የመጣ ብርሃን ጠብታዎቹን አያሳይም።

ከዚያ ጉልበት መሳም ይመጣል። እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስሕተት ቆሞ ማንሳት ነው፤ ከላይ ሲታይ የሙሽራው አናትና የወላጆቹ ጭን ብቻ ይቀራል። እርስዎም በርከክ ይበሉ፣ ካሜራው በተቀመጡት ወላጆች ደረት ቁመት ይሁን፣ ከጎን ሆነው እናትየዋ ላይ ፎከስ ያድርጉ። ልጁ ጎንበስ ሲል ሳይሆን ቀና ሊል ሲል ነው የእናት ፊት የሚለወጠው፤ ጣትዎን እስከዚያ አያንሱ። ምርቃቱ ሲጀመር ደግሞ ከመራቂው አባት ይልቅ «አሜን» የሚሉትን የተዘረጉ እጆች ይፈልጉ። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ የሌንሱን ክፍተት ኤፍ 2፣ ሸተሩን 1/200 አድርገው አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 6400 ድረስ ይሂዱ፤ ፎቶው ላይ አሸዋ ቢታይ ቤተሰብ አይቆጣም፣ የደበዘዘ ፊት ግን ለማንም አይሆንም። ፍላሽ ወደ ኮርኒስ የሚወረወረው ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ብቻ ነው። በድሮ ቤቶች ያለው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የተቀባ አቡጀዲ ቀለሙን በሰው ፊት ላይ ያፈሰዋል።

የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የሞላበት ፍሬም ካሜራውን ያታልለዋል። ነጩን አይቶ ያጨልማል፣ የጠይም ሰው ፊት ይጠቁራል። ጥላ ውስጥ ብርሃኑን ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ይጨምሩ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። ቀሚሱን ቀጥታ ፀሐይ ከመታው ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፤ የጥበቡ ክር እንዳይቃጠል ብርሃኑን ለነጩ ይለኩና ፊቱን በኋላ ከሮው ፋይሉ ላይ ብሩህ ያድርጉት።

ድንኳኑ ከሁሉ የከፋ ፈተና ነው። ሰማያዊ ሸራ ፊትን አመድ ያስመስለዋል፣ ቢጫው ደግሞ ሁሉንም የታመመ ያደርገዋል። ነጭ ወረቀት ሰዎቹ በሚቀመጡበት ቦታ ይዘው በእሱ ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭ ብሎ የሚወስደውን ቀለም) ያስተካክሉ። ይህ የሚሠራው ብርሃኑ በሙሉ በሸራው በኩል ሲመጣ ነው። ከጎን የሚገባ የቀን ብርሃን ሲቀላቀልበት ግማሹ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ቀይ ይሆናል፤ ያንን በአንድ ማስተካከያ ማዳን አይቻልም። መፍትሔው ቦታ መምረጥ ነው፦ በድንኳኑ ክፍት ጠርዝ አጠገብ የተቀመጡትን ያንሱ፣ መሀል ያሉትን ለጥቁርና ነጭ ይተዉ።

ምሳ ላይ የሚያኝክ ሰው አይነሳም፤ ማንም ራሱን እንዲያ ማየት አይፈልግም። ጉርሻ ግን ይነሳል። የጎራሹ አፍ ላይ ፎከስ አድርገው እጁ ከመሶቡ ሲነሳ በተከታታይ አምስት ስድስት ጊዜ ይጫኑ፤ የሚፈለገው ሊጎርስ አፉን የከፈተበት ሳይሆን ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ያለው ሳቅ ነው። ጓዳ ሲገቡ እዚያ ያሉት ሴቶች ከትናንት ጀምሮ ሲሠሩ የቆዩ ናቸው፤ የሥራ ልብስ ስለለበሱ ላይወዱ ይችላሉ። «እማማ፣ ላንሳ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ እምቢ ካሉ የወጡን ድስትና እጃቸውን ብቻ ለማንሳት ይጠይቁ። ለቡናውና ለዕጣኑ ጭስ ከመስኮት የሚመጣ ብርሃን ከጭሱ ኋላ፣ ከበስተጀርባው ደግሞ ጨለማ ግድግዳ ይኑር።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ወንድም በቪዲዮ የሚደውልበት ደቂቃም የሠርጉ አካል ነው። የብርሃን ልኬቱን ለስልኩ ስክሪን ያድርጉ፤ ለክፍሉ ከለኩ የወንድሙ ፊት ነጭ ሆኖ ይጠፋል።

እስክስታን በ1/500 ሲያነሱ ትከሻው ስለሚቆም ሰውየው ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል። 1/60 ይሞክሩ፤ ራስ ከትከሻ ይልቅ ስለሚረጋ ፊቱ ጠርቶ ትከሻው ይደበዝዛል። ከአሥሩ ስምንቱ ይበላሻል፣ ስለዚህ ብዙ ያንሱ። ቦታዎ ክቡ ውስጥ፣ ዝቅ ብለው፣ ከሚያጨበጭቡት ፊት ነው። የቪዲዮ ባለሙያ ካለ መብራቱን ከየት እንደሚያበራ አስቀድመው ይስማሙ።

የቤተሰብ ፎቶን ግን አይናቁ። ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነው። ከምሳ በፊት፣ ሰው ሳይበተን፣ ሃያ ደቂቃ ይመድቡለት፤ የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሆነ ዓይን ሥር ጥላ ስለሚጥል ቤቱ ጥላ ሥር ያሰልፏቸው። ስም የሚጠራ አንድ ሚዜ ይኑርዎት፤ አዛውንቶችን አስቀድመው ይልቀቁ።

ተክሊል ካለ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ጫማ ያውልቁ፣ ፍላሽ አያብሩ፣ ወደ መቅደሱ አይጠጉ። በኒካህ ሴቶች ለብቻ የሚቀመጡ ከሆነ ለዚያ ክፍል ሴት አንሺ ይያዙ።

ማታውኑ ካርዶቹን በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ይገልብጡ፣ አንዱን ሌላ ቤት ያስቀምጡ፤ ሥራው እስኪረከብ ካርዱን አያጥፉ። ለእንዲህ ያለ ቀን 300 አካባቢ የተመረጡ ፎቶዎች ይበቃሉ፣ በሰዓት ቅደም ተከተል ይደርደሩ። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ለማሳተምም አይሆንም። ሙሽሮቹ ሳይፈቅዱ አንድም ፎቶ ገጽዎ ላይ አይለጥፉ፤ የልጆችን ደግሞ ወላጆቻቸውን ለየብቻ ይጠይቁ።