ስለ ኤስኤስዲ ካሽ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከሁሉ አብልጦ የሚያሰለቸኝ በ1 ጊጋባይት ሙከራ የኤስኤስዲን (ዳታን በቺፕ ውስጥ የሚይዝ ዲስክ) ፍጥነት ለክቻለሁ የሚል ሰው ነው። የተለካው ዲስኩ ሳይሆን ካሹ፣ ማለትም የሚጻፈው ዳታ ለጊዜው የሚያርፍበት ፈጣን ክፍል ነው። በአንድ ሴል (ዳታ በምትቀመጥበት የቺፑ ትንሽ ክፍል) 3 ቢት የሚይዙት ቲኤልሲም ሆኑ 4 ቢት የሚይዙት ኪውኤልሲ ዲስኮች የተወሰኑ ሴሎቻቸውን 1 ቢት ብቻ እንዲይዙ አድርገው የሚመጣውን ዳታ በቅድሚያ እዚያ ይቀበላሉ፤ ለ1 ቢት 2 የቮልቴጅ ደረጃዎች ስለሚበቁ ጽሕፈቱ ይፈጥናል፣ ለ4 ቢት ግን 16 ደረጃዎችን በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል። ዲስኩ ፋታ ሲያገኝ ያንን ዳታ ጨምቆ ወደ ዋናው ማከማቻ ያዛውረዋል። ፋታ ሳያገኝ ካሹ ከሞላ፣ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ሜጋባይት ሲጽፍ የነበረ ኪውኤልሲ ዲስክ ከተራ ሃርድ ዲስክ በታች ሊወርድ ይችላል። «ተበላሽቷል» ተብለው ከመጡልኝ ዲስኮች ብዙዎቹ ካሻቸው ከመሙላቱ በቀር ምንም አልሆኑም። ትልልቅ ቪዲዮ የሚገለብጥ ሰው መሞከር ያለበት በዕለት ሥራው የሚጽፈውን ያህል ጽፎ ነው።

የዚህ መንትያ ዲስኩን ጢም አድርጎ መሙላት ነው። ካሹ በአብዛኛው የሚወሰደው ከባዶው ቦታ ነው፤ 1 ቴራባይት ኪውኤልሲ ዲስክ ሴሎቹን በሙሉ ለካሽ ቢያውል እንኳ የሚያገኘው 250 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ እሱም ዲስኩ በሞላ ቁጥር ይጠባል። በዚያ ላይ ዳታ የሚሰረዘው በብሎክ (በብዙ ሴሎች ጥቅል) ብቻ ስለሆነ፣ ቦታ ያጣ ዲስክ ያንኑ ዳታ ከብሎክ ወደ ብሎክ ሲያመላልስ ዕድሜውን ይጨርሳል። እኔ ከ10 እስከ 20 በመቶ ባዶ እተዋለሁ።

ትሪምን (ኮምፒውተሩ የትኛው ዳታ እንደተሰረዘ ለዲስኩ የሚነግርበትን ትእዛዝ) አታጥፉ፤ ካሽ ውስጥ እያለ የተሰረዘ ጊዜያዊ ፋይል ወደ ዋናው ማከማቻ ሳይገለበጥ እንዲቀር የሚያደርገው እሱ ነው።

ዲራም (ኃይል ሲቋረጥ ይዘቱ የሚጠፋ ፈጣን ሜሞሪ) የሌለው ዲስክ ካሽ የለውም ማለትም ስህተት ነው። ከላይ ያልኩት ካሽ ያለው በሴሎቹ ውስጥ ነው፤ ዲራሙ በዋናነት የሚይዘው ዳታው የት እንዳለ የሚያሳየውን የአድራሻ ካርታ ነው፤ በተለምዶም ለ1 ቴራባይት 1 ጊጋባይት ይመደባል።

የመጨረሻውን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው የዲስኩ ካሽ ውስጥ ያለውን ወደ ቋሚው ማከማቻ አውርድ የሚለውን ትእዛዝ የሚያስቀረውን የዊንዶውስ ምርጫ፣ ፍጥነት አገኛለሁ ብዬ ዳታቤዝ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ አበራሁት። በእርግጥም ፈጠነ። አንድ ቀን መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ አልከፈት አለ፤ ያለፈውን ሌሊት ባክአፕ መልሼ የቀኑን ሥራ በእጄ እንደ አዲስ አስገባሁ። ለሰርቨር የሚሠሩ ብዙ ዲስኮች ኃይል ሲቋረጥ ጽሕፈታቸውን የሚጨርሱበት ካፓሲተር (ለአፍታ የሚበቃ ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ) አላቸው፤ የኔው አልነበረውም።