በቤት ውስጥ ያለ የባና መሥሪያ ክፍልን ከብልና ከአይጥ ጠብቆ እንዴት መያዝ ይቻላል

ደብረ ብርሃን በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ጓሮ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከመንዝ በግ ፀጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ እሠራለሁ። ፀጉሩ የሚታጠበው፣ የሚነደፈው፣ የሚፈተለውና የሚሸመነው በዚያችው ክፍልና በደጃፏ ነው፤ ያለቀውም ባና ገዢው እስኪመጣ ድረስ እዚያው ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ክፍል በንጽሕና ካልተያዘ ለብል የተደገሰ ድግስ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ብዙ ፀጉርና አንድ ሙሉ ባና ካጠፋሁ በኋላ የተማርኩት ስለሆነ፣ ሌላው ሰው ሳይከስር እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

ጥፋቴ የመጣው ከአንድ የተሳሳተ እምነት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነችና ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል፣ ብል የቆላ ችግር ነው፣ እኛን ብርዱ ይጠብቀናል ብዬ አምን ነበር። በሰኔ ሠርቼ የጨረስኩትን ጥቁር ባና አጣጥፌ፣ ከክፍሉ ጥግ በነበረ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በጥር ለሠርግ ሊወሰድ ሲል ስዘረጋው ላዩ ምንም አልነበረበትም። ሁለተኛውን እጥፋት ስገልጥ ግን ጣቴ ባናውን አልፎ ወጣ። በእጥፋቱ ውስጥ ጥቁር አሸዋ የመሰለ ነገር ተበትኖ ነበር፤ አሸዋ ሳይሆን የትሉ ኩስ ነው፣ ትሉ የበላውን ፀጉር ቀለም ስለሚይዝ በጥቁር ባና ላይ ቶሎ አይታይም። ፀጉር ስትፈትልልኝ የኖረች ጎረቤቴ አዛውንት መጥታ አየችና፣ «ልጄ፣ ይኸን ባና ለመጨረሻ ጊዜ የዘረጋኸው መቼ ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ብልን በብርድ ብቻ ለመግደል ዕቃውን በማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ለብዙ ቀናት ማቆየት ያስፈልጋል። የእኛ ውርጭ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ቢወርድ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣም ያበቃል። ብርዱ የሚያደርገው የትሉን ዕድገት ማዘግየት ብቻ ስለሆነ፣ በሞቃት አገር በጥቂት ወራት የሚያልቀው የብል ዕድሜ እዚህ ይረዝማል እንጂ አይቋረጥም። ደግሞም ፀጉሩን የሚበላው በክፍሉ ውስጥ ስትበር የምናያት ወርቃማ ትንሽ ብል አይደለችም፤ እሷ ጨርሶ አትበላም። የሚበላው እሷ ጨለማና ማንም በማይነካው ቦታ የጣለችው ዕንቁላል ሲፈለፈል የሚወጣው ትል ነው። ስለዚህ የምትበረውን በጭብጨባ መግደል አያድንም።

መጀመሪያ፦ ክፍሉን ባዶ ማድረግ

ሁሉንም ዕቃ ወደ ደጅ ያውጡ። ወለሉን፣ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የሣጥኑን ማዕዘን፣ የሸማ መሥሪያውን ጉድጓድ ውስጡን ሳይቀር ይጥረጉ፤ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ብናኝና የፀጉር ቁርጥራጭ ያቃጥሉት እንጂ ከጓሮ አይጣሉት። ወለሉ አፈር ከሆነ በእበት መለቅለቁ መልካም ነው፤ ስንጥቁን ይደፍናልና። ቀና ብለው የጣራውን ክፈፍም ይመልከቱ። የወፍ ጎጆ ካለ ጫጩት እንደሌለበት አረጋግጠው ያንሡት፤ ብል በጎጆ ውስጥ ያለውን ላባ እየበላ ይራባና ወደ ክፍሉ ይወርዳል። ዶሮን ከዚህ ክፍል ጋር ማኖርም በዚሁ ምክንያት አይመከርም።

ከገበያ የመጣ ፀጉር ሳይታጠብ አይግባ

ንጹሕ ፀጉር ብቻውን ለትሉ በቂ ምግብ አይሆነውም፤ የሚያሳድገው ከፀጉሩ ጋር ያለው ላብ፣ ቅባትና ሽንት ነው። ስለዚህ ያልታጠበ ፀጉር ከታጠበው ጋር በአንድ ክፍል ማደር የለበትም። የበጉን ጤና ሳያጣሩም አይግዙ። በበሽታ ከሞተ በግ የተላጨ ፀጉር አባ ሰንጋን ወደ ሰው ያስተላልፋል፤ በሽታው በብናኙ አማካኝነት ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ እጅግ የከፋ ይሆናል። ሲነድፉ አፍና አፍንጫን መሸፈን ለዚህም ለሌላውም ይጠቅማል።

እኔ የማጥበው በእንዶድ ነው። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በለብታ ውሃ ሲመታ ጥሩ አረፋ ይሰጣል፤ ፀጉሩንም አያከርረውም። ፀጉሩን ውሃው ውስጥ እየተጫኑ ያርጥቡት እንጂ አይሹት፤ በሙቅ ውሃ የታሸ ፀጉር ይያያዛል፣ ከዚያ በኋላ ለፈትል አይሆንም። የአመድ ውሃ ፀጉሩን ይጎዳል፤ በረኪና ደግሞ እስከ ማሟሟት ይደርሳል። የእንዶዱን እጣቢ ወደ ወንዝ አይድፉ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆነውን ምርምር የጀመሩት፤ ቀንድ አውጣን የሚገድለው እጣቢ ዓሣንም ይገድላል።

ብል የገባበትን ባና በፀሐይ ማዳን

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር አስረዳለሁ። ባናን ገመድ ላይ ሰቅሎ ፀሐይ ማስመታት ጥሩ ልማድ ቢሆንም ሙሉ መድኃኒት አይደለም። ትሉ ብርሃንን ስለሚሸሽ ከፊሉ ይወድቃል፣ ከፊሉ በብሩሽ ይነሣል፤ ዕንቁላሉ ግን ከክሩ መካከል ይቀራል። ዕንቁላሉንም ትሉንም አንድ ላይ የሚጨርሰው ሙቀት ነው፤ እሱም 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ጥቂት ሰዓታት መቆየት አለበት። የእኛ አገር የቀን አየር 20 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ይህን ሙቀት የሚሰጠን አየሩ ሳይሆን በላስቲክ የታመቀ ፀሐይ ነው።

ሰማዩ የጠራበትን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ይምረጡ። መሬት ላይ ደረቅ ጭድ በወፍራሙ ጎዝጉዙ፤ ጭዱ ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሸሽ ያደርጋል። ባናውን አራግፈውና በብሩሽ ጠርገው፣ ከሁለት እጥፍ ሳያበልጡ በጥቁር ላስቲክ ይጠቅልሉት፤ ጠርዙን አጥፈው በድንጋይ ይጫኑት። በላዩ ላይ ጥቂት ጣት ያህል ክፍተት ትተው ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ ይወጥሩ። ይህ ሁለተኛው ላስቲክ ከሌለ የደብረ ብርሃን ነፋስ ሙቀቱን ይወስደዋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር ጥቁሩን ላስቲክ ብቻ ነበር የተጠቀምኩት፤ ላስቲኩ በእጅ ሲነካ ያቃጥል ስለነበር ተሳክቷል ብዬ አነሣሁት፣ ከወር በኋላ ግን ትሉን እዚያው ባና ላይ መልሼ አገኘሁት። የሚለካው የላስቲኩ ሙቀት ሳይሆን የባናው መሐል ነው፤ ፀጉር ብርድን እንደሚከላከል ሁሉ ሙቀትንም ይከላከላል። ስለዚህ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ገዝተው እጥፋቱ መካከል ያስገቡ። በዚህ ሥራ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው አንድ መሣሪያ ቢኖር እሱ ነው።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይተዉት፤ እኩለ ቀን ላይ ገልብጠው መልሰው ይሸፍኑት። መሐሉ 55 ካልደረሰ እንደ ተሠራ አይቁጠሩት፣ በማግሥቱ ይድገሙት። በደንብ ከደረሰም በኋላ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ መድገም ይገባል፤ ከጠርዙ የተረፈ ዕንቁላል ቢኖር በዚያን ጊዜ ተፈልፍሎ ይገኛልና። እርጥብ ባና ግን በላስቲክ አይጠቅልሉ።

ስለ መድኃኒቶች

ናፍታሊን የሚሠራው በደንብ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ በክፍት መደርደሪያ ላይ መበተን ክፍሉን ከማሽተትና የሚሠራውን ሰው ራስ ከማሳመም ያለፈ ጥቅም የለውም። ከረሜላ ስለሚመስል ልጅ ባለበት ቤት ባይገባ እመርጣለሁ። የጥድ ሣጥን አዲስ ሲሆን ሽታው ብሏን ያርቃል፤ ሽታው ሲደክም ግን ተራ ሣጥን ነው። ከሁሉ በላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው እህል ጎተራ ውስጥ ለነቀዝ የሚጨመረውን ክኒን በቤት እንዳይጠቀሙ ነው። ክኒኑ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙ በግድግዳና በበር ስንጥቅ አልፎ ጎን ባለው ክፍል የተኛን ሰው ይገድላል።

ያለቀውን ባና በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልለው፣ አፉን ሰፍተው፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ በወር አንድ ቀን ሁሉም ይዘርጋ።

የሳምንት ጽዳትና አይጥ

በየሳምንቱ ውሃ አርከፍክፎ መጥረግ በቂ ነው። አይጥን በተመለከተ ትልቁ ሥራ ቆሎና ዳቦን ከክፍሉ ማስወጣት ነው፤ ቡና እየጠጡ መፍተል ለሚወዱ ይህ ከባድ ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ፣ ነገር ግን የረገፈች አንዲት እፍኝ ቆሎ ሳምንቱን ሙሉ አይጥ ትጠራለች። ትንሿ አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባለው ቀዳዳ ትገባለች፤ ቀዳዳውን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀው በሲሚንቶ ይምረጉት፣ ጭቃ ብቻውን አያግዳትም። አይጥ ግድግዳ ታክካ ስለምትሄድ ወጥመዱን ከመሐል ወለል ላይ ሳይሆን ምላሱን ወደ ግድግዳው አዙረው ያጥምዱ። መርዝ አልጠቀምም፤ የበላችው አይጥ ከፀጉሩ ክምር ሥር ገብታ ትሞታለች፣ ያገኘቻትም ድመት ትታመማለች።

የአይጥ ኩስ ካገኙ በደረቁ አይጥረጉት፤ ብናኙ በሽታ ያስተላልፋል። በመጀመሪያ በአካባቢው ያለውን ፀጉርና ክር ሁሉ ያርቁ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው በኩሱ ላይ ያርከፍክፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በጨርቅ ያንሡት። ፀጉሩን የሚመልሱት ወለሉ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው።