ፈጣኑን ልምምድ ኮምቦልቻ፣ ሌላውን ደሴ

ደሴ ላይ የምትሮጡ ልጆች፣ ፍጥነት የሚጠይቀውን ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ሞክሩት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍታው ላይ ለጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ሳንባችሁ ቢጥርም እግራችሁ የውድድር ፍጥነቱን አይለምድም።

በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአሜሪካ ጥናት 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ የተለማመዱ ሯጮች ከ4 ሳምንት በኋላ የ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን እንዳሻሻሉ አሳይቷል። እዚያው ከፍታ ላይ የተለማመዱት ግን አላሻሻሉም። ሯጮቹ የቆላ ሰዎች ስለነበሩ ደሴ ተወልዶ ላደገ ሰው ውጤቱ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ የፍጥነቱ ጥቅም ግን ይሠራል።

ሜዳ ላይ 20 ደቂቃ አሟሙቁ። ከዚያ 1,000 ሜትር 6 ጊዜ፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ ተኩል ሶምሶማ። የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው 5 ሰከንድ በላይ ከዘገየ አጀማመራችሁ ፈጥኗል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ጀምሩ።

አደራ፣ በሐረጎ ቁልቁለት እየሮጣችሁ አትውረዱ፤ በሚኒባስ ሂዱ! ቁልቁለት ላይ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም ይጎዳል፣ ሕመሙም በ2ኛው ቀን ይብሳል። በዚያ እግር የሚሠራ ሌላ ልምምድ ለጉዳት ያጋልጣል።

በቀሩት የሳምንቱ ቀናት ደሴ ላይ፣ እያወሩ በሚያስኬድ ዝግታ ሩጡ።