ቤታ ብሎከር፣ በደም ውስጥ ያለው መጠኑና የደም ግፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለብዙዎቹ ስህተቶች መነሻ የሚሆነው፣ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በጨመረ ቁጥር ግፊቱም በዚያው ልክ ይወርዳል ብሎ ማሰብ ነው። እንደ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ ቤታ ብሎከር የተባሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ አድሬናሊንና መሰል የሰውነት ኬሚካሎች በልብና በኩላሊት ላይ የሚሠሩባቸውን ተቀባዮች (መልእክታቸውን የሚቀበሉ የሕዋስ ክፍሎች) ይዘጋሉ። የልብ ምት በሰዓታት ውስጥ ዝግ ይላል፤ ግፊቱ ተስተካክሎ ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ግን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሌላ በኩል በደም ውስጥ ያለው አቴኖሎል ከ6 እስከ 7 ሰዓታት ውስጥ በግማሽ ቢቀንስም፣ በቀን አንድ ጊዜ ተወስዶ ግፊትን እስከ 24 ሰዓት ሊይዝ ይችላል። የሚወሰደው መጠን ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ በኋላ ቢጨመር ደግሞ ግፊቱ ብዙም አይወርድም፤ የሚብሰው የምቱ መዘግየት፣ ድካሙና የእጅና የእግር ቅዝቃዜው ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ተለክቶ ከፍ ያለ ግፊት ስለተገኘ ብቻ በራስ ፈቃድ መድኃኒቱን በእጥፍ መውሰድ አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት የራስን መጠን ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ጋር ማነጻጸር ነው። ፕሮፕራኖሎል ከአንጀት ወጥቶ በመጀመሪያ በጉበት ስለሚያልፍ ወደ ደም የሚደርሰው ከተዋጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ አንድ ዓይነት መጠን በወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኘው መጠንም እስከ 20 እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ሜቶፕሮሎልን በዋናነት የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው የጉበት ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 ከመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ይህም መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ቶሎ ሊወገድ እንደሚችል ያመለክታል። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «መድኃኒቱ ለእኛ አይሠራም» ማለት ተገቢ አይደለም፤ በኋላ በተደረገ ምርምር በኢትዮጵያና በስዊድን በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል የኢንዛይሙ ሥራ ልዩነት ስለታየበት፣ አካባቢና አመጋገብም ድርሻ እንዳላቸው ይታሰባል።

ሌላ መድኃኒት ሲጀመር ለሐኪሙ አለመንገርም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን የፕሮፕራኖሎልንና የሜቶፕሮሎልን መጠን ሲያሳንስ፣ ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሴቲን የሜቶፕሮሎልን መጠን ከፍ ያደርጋል። አቴኖሎል የሚወገደው በኩላሊት በመሆኑ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ይችላል።

ምግብንም ችላ ማለት አይገባም። ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይጨምራል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ታማሚ የጠዋቱን መድኃኒት ከመዝለል ይልቅ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን ማስተካከል አለበት። ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ የተዘጋጀ ክኒን ከሆነ ደግሞ መፈጨትም መታኘክም የለበትም።

ከሁሉ አደገኛ የሆነው መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ነው። ተቀባዮቹ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ሲቆዩ ቁጥራቸው ስለሚጨምር፣ መድኃኒቱ ሲቀር አድሬናሊን ከቀድሞው በበለጠ ኃይል ይሠራባቸዋል፤ ግፊቱ ይንራል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የልብ ደም ሥር ሕመም ባለበት ሰው ላይም ሕይወት እስከማሳጣት የሚደርስ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊከተል ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ለዚህም ነው ክኒኑ ሳያልቅ አስቀድሞ መግዛትን አጥብቄ የምመክረው።

በደም ውስጥ ያለውን መጠን በላቦራቶሪ ማስለካትን እንደ መፍትሔ የሚጠይቁም አሉ። ውጤቱ የግፊቱን ሁኔታ ስለማይተነብይ የሚወሰደውን መጠን ለመወሰን አያገለግልም፤ የሚጠቅመው በተለይ ግፊቱ አልወርድ ሲል መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ መሆኑን ለማወቅ ነው። በዚያም ቢሆን፣ ክኒኑን የቀጠሮው ጠዋት ብቻ የዋጠ ሰው ደም መድኃኒቱን ያሳያል። ከዚህ የተሻለው መለኪያ ጠዋት የዕለቱ ክኒን ከመወሰዱ በፊት በቤት ውስጥ የሚለካ ግፊት ነው፤ የመድኃኒቱ መጠን ዝቅ ባለበት በዚያ ሰዓት ግፊቱ መያዙን ያሳያልና።